ሕመምተኛው የተናገረው ቃል
ስለ ትንፋሽና ስለ እንቅልፍ ሕመም ስሞች

(በነጌሌ ቦረና ለአጥቢያ ሰበካ ጉባኤ ተወካዮችና ለካህናት በተዘጋጀ የጤና ሥልጠና ላይ የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



 ለእኔ የተሰጠኝ ርእስ ስለ ትንፋሽና ስለ እንቅልፍ ሕመም የሚነገሩ የሕክምና ቃላት የሚል ነው። ሐኪም አይደለሁም። በዲቁና የማገለግል፣ በኮሚሽኑም የፕሮጀክት ሠራተኛ የሆንሁ ሰው ነኝ። ሆኖም በሕመምተኛና በጤና ባለሙያ መካከል ቆሜ ቃል ያመላለስሁባቸው ጥቂት ዓመታት አሉ። ዛሬ የምናገረው በእነዚያ ዓመታት የተማርሁትን ነው፤ የተማርሁትም በመሳሳት ነውና ከስሕተቴ ልጀምር።

ገና ወጣት ዲያቆን ሳለሁ፣ ከወደራ ወደ ነጌሌ በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ ባለች አንዲት የገጠር አጥቢያ አገለግል ነበር። አንዲት እናት ዐሥራ ሁለት ዓመት ገደማ የሆናትን ልጇን ይዛ መጣች። አማርኛ አትናገርም። የአጥቢያችን አባት ኦሮምኛ ስለማይሰሙ እኔ እንዳስተረጉም ጠሩኝ። የእኔም ኦሮምኛ የገበያና የመዝሙር ኦሮምኛ ነበር። እናቲቱ ደረቷን እየደበደበች «ሐፉራ» የሚለውን ቃል ደጋግማ ተናገረች። ይህን ቃል የማውቀው ከመዝሙር ነው፤ መንፈስ ቅዱስ «ሐፉራ ቁልቁሉ» ወይም «አፉራ ቁልቁሉ» ይባላልና። ስለዚህ ወደ አባታችን ዞሬ «መንፈስ ያስጨንቃታል ትላለች» አልኋቸው።

ልጂቱ ጸበል እንድትጠመቅ ተወሰነ። በየማለዳው በቀዝቃዛው ውኃ ትጠመቃለች፤ ሌሊቱን እሳት በሚነድበት፣ መስኮት በሌለው ጎጆ ከብዙ ሰው ጋር ታድራለች። በአምስተኛው ሌሊት ከንፈሯ ጠቆረ፤ አንድ ቃል ተናግራ ሁለተኛውን መድገም አቃታት። አጠገቧ ያደሩ አንዲት እማሆይ ጆሯቸውን ወደ ጀርባዋ አስጠግተው ካዳመጡ በኋላ «ይህ ሲር ሲር የሚለው የወንድሜ ሕመም ነው፤ ይህ አስም ነው» አሉ። ጎሕ ሳይቀድ በአይሱዙ ጭነን ሆስፒታል አደረስናት። በኔቡላይዘር መድኃኒት ተሰጣት፤ ኦክስጅንም ተደረገላት፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዳነች።

በኋላ እንደተረዳሁት እናቲቱ «ሐፉራ» ስትል ትንፋሽ ማለቷ ነበር። «ልጄ ትንፋሽ አጠራት» ነበር ያለችን። አባታችን ይህን በሰሙ ጊዜ አልተቆጡኝም። «ልጄ፣ እርሷ የተናገረችውን ሳይሆን አንተ የሰማኸውን ነገርኸኝ» ብቻ አሉኝ። ይህ ቃል እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ።

አባቶቼ፤ ይህ ስሕተት የአንድ ጀማሪ ዲያቆን ስሕተት ብቻ አይደለም፤ በቃሉ ባሕርይ ውስጥ ያደፈጠ ነው። በግእዛችን ነፍስ፣ ነፋስ፣ መንፈስ፣ እስትንፋስ ከአንድ ሥር የበቀሉ ቃላት ናቸው። የኦሮምኛው ሐፉራም ትንፋሽንና መንፈስን አንድ ላይ ይዟል። በሊበን የሚኖሩ የሶማሌ ወንድሞቻችን «ኔፍ» ሲሉ ትንፋሽ ማለታቸው ነው፤ ያው ቃል በሕዝቡ አነጋገር የአስምም ስም ሆኖ ያገለግላል። ከጽርእ ቋንቋ የመጡት የሐኪሞቹ ቃላትም ከዚህ የራቁ አይደሉም። መንፈስንና ነፋስን «ፕኔቭማ» የሚለው ቋንቋ፣ ከዚያው ሥር «አፕኒያ» የሚለውን ቃል ሰጥቷል፤ ትርጉሙ «ያለ ትንፋሽ» ማለት ነው። አስምም በጽርእ ማለክለክ ማለት ነው። እግዚአብሔር አዳምን ከምድር አፈር አበጅቶ የሕይወት እስትንፋስ እንደሰጠው ለሚያምን ሕዝብ፣ ትንፋሽና ነፍስ በአንድ ቤት ማደራቸው አያስደንቅም። ነገር ግን ቃሉ ሁለቱንም ስለሚይዝ፣ ሰሚው የትኛው እንደተነገረ መጠየቅ ይኖርበታል። እኔ አልጠየቅሁም።

በቆላው አገራችን ሕመምተኛ መጀመሪያ የሚመጣው ወደ እናንተ ነው። ጤና ጣቢያው ሩቅ ነው፤ ሆስፒታሉ ከዚያ ይርቃል፤ የንስሐ አባት ግን ቅርብ ነው። የሕመሙን የመጀመሪያ ስም የሚሰጠውም ብዙ ጊዜ ካህኑ፣ ዲያቆኑ ወይም የሰበካ ጉባኤው አባል ነው። መጀመሪያ የተሰጠው ስም ደግሞ ሕመምተኛውን ወደ አንድ መንገድ ይመራዋል፤ ስሙ ከተሳሳተ መንገዱም ይሳሳታል።

አንድ ምሳሌ ላቅርብ። ሰው መጥቶ «አባቴ፣ ሌሊት ያፍነኛል» ቢላችሁ ምን ማለቱ ነው? ይህ አንድ ዐረፍተ ነገር ቢያንስ አራት የተለያዩ ሕመሞችን ሊሸከም ይችላል።

የመጀመሪያው አስም ነው። በአስም ሕመም ወደ ሳንባ አየር የሚያስገቡት ቀጫጭን ቧንቧዎች ውስጣቸው ያብጣል፤ በዙሪያቸው ያሉት ጡንቻዎች ይጨማደዳሉ፤ አክታም ይሞላባቸዋል። አየሩ በጠበበው ቧንቧ ሲያልፍ ሲር ሲር የሚል ድምፅ ይሰማል። ሌሊትና ማለዳ ይብሳል። ጭስ፣ አቧራ፣ ብርድ፣ ጉንፋን ይቀሰቅሱታል። ይመጣል፣ ይሄዳል፤ በመካከል ሕመምተኛው ጤነኛ መስሎ ይውላል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ስለዚህ አስም ያለበትን ሰው ከማኅበርና ከጽዋ ማግለል ኃጢአት ከመሆኑም በላይ አለማወቅ ነው።

ሁለተኛው የልብ ሕመም ነው። ይህ ሰው ሲተኛ ትንፋሹ ያጥራል፤ ቀና ሲል ይሻለዋል። ሁለትና ሦስት ትራስ ደርቦ ይተኛል፤ ወይም ተኝቶ አንድ ሁለት ሰዓት ከቆየ በኋላ ታፍኖ ይነቃና ተነሥቶ ይቀመጣል። እግሩም ሊያብጥ ይችላል። በአገራችን በልጅነት የጉሮሮ ቁስል ሳይታከም ቀርቶ የልብን በሮች የሚያበላሸው የሪውማቲክ የልብ ሕመም ስላለ፣ ወጣቶችም ከዚህ ነጻ አይደሉም። እንዲህ ያለውን ሕመምተኛ «አስም ነው» ብሎ የሰው መድኃኒት ማዋስ ሞትን ሊያቀርብ ይችላል።

ሦስተኛው ሐኪሞች ስሊፕ አፕኒያ የሚሉት፣ በእኛ ቋንቋ በእንቅልፍ ውስጥ የትንፋሽ መቋረጥ ልንለው የምንችለው ነው። ሰው እንቅልፍ ሲወስደው የጉሮሮው ጡንቻዎች ይላላሉ። በአንዳንድ ሰው ጉሮሮው ከመጥበብ አልፎ ይዘጋል፤ ትንፋሽ ለዐሥር ሰከንድና ከዚያም በላይ ይቋረጣል፤ ከዚያ በኋላ አንጎል ስለሚያነቃው በኃይል ያንኮራፋና አየር ይስባል፤ ደግሞም ይተኛል። ሐኪሞች ይህ በአንድ ሰዓት ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚደርስ ይቈጥራሉ። ከ5 በታች ከሆነ በአዋቂ ሰው ዘንድ እንደ ጤነኛ ይታያል፤ ከ5 እስከ 15 ቀላል፣ ከ15 እስከ 30 መካከለኛ፣ ከ30 በላይ ከባድ ይባላል። በሰዓት ሠላሳ ጊዜ ማለት በየሁለት ደቂቃው መታፈን ማለት ነው። ሰውየው ግን አያውቀውም። የሚያውቀው ራሱን እያመመው መንቃቱን፣ ቀን ቀን እንቅልፍ መጣሉን፣ የደም ግፊቱም በመድኃኒት አልወርድ ማለቱን ነው።

አራተኛው ዱካክ ነው። «ዱካክ ተጫነኝ» የሚል ሰው ነቅቷል፤ ዐይኑ ያያል፣ ጆሮው ይሰማል፤ ነገር ግን እጁን ማንቀሳቀስ፣ መጮኽም አይችልም። ደረቱ ላይ የተቀመጠ ነገር ያለ ይመስለዋል። ሕልም በምናይበት የእንቅልፍ ክፍል፣ ሕልማችንን በእጅና በእግራችን እንዳንሠራው ሰውነታችን ይታሰራል። አእምሮ ከሰውነት ቀድሞ ሲነቃ ይህ እስራት ለጥቂት ሰከንዶች ወይም ደቂቃዎች ይቆያል። በዚያን ጊዜ የመተንፈሻው ዋና ጡንቻ አልታሰረምና ሰውየው አይታፈንም፤ የታፈነ ግን ይመስለዋል። እንቅልፍ ያጣ፣ የተጨነቀና በጀርባው የሚተኛ ሰው ይበዛበታል። እንዲህ ያለውን ምእመን በጸሎት ማጽናናት የእኛ ሥራ ነው። «ጎረቤትህ ነው የላከብህ» ብሎ ጥል መዝራት ግን የእኛ ሥራ አይደለም።

እንግዲህ አራቱን እንዴት እንለያቸዋለን? መመርመርና መወሰን የሐኪም ነው። ነገር ግን ሦስት ጥያቄ መጠየቅ ለማንኛችንም ይቻላል። «ሲር ሲር የሚል ድምፅ አለው ወይ? ጭስና ብርድ ያስነሣዋል ወይ?» «ቀና ብለህ ስትቀመጥ ይሻልሃል ወይ? እግርህስ ያብጣል ወይ?» ሦስተኛው ደግሞ ለሕመምተኛው ሳይሆን አጠገቡ ለምትተኛው ባለቤቱ የሚቀርብ ነው፤ «ሲያንኮራፋ ቆይቶ ድንገት ጸጥ ይላል ወይ?» ዱካክን የሚናገረው ራሱ ታማሚው ነው፤ የትንፋሽ መቋረጥን ግን የሚያውቀው አብሮት የሚያድረው ነው። ብዙ ሚስቶች ይህን ዓመታት ሙሉ ሲያዩ ኖረው የሚጠይቃቸው ሰው አላገኙም።

ስለ ማንኮራፋት ጥቂት ልጨምር። በእኛ ዘንድ ማንኮራፋት የጥጋብ፣ የድካም ወይም የደኅና እንቅልፍ ምልክት ተደርጎ ይሳቅበታል። ከዚህ እስከ አዲስ አበባ ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህ መንገድ ጭነትና ሰው ይዞ የሚነዳ ሾፌር ቀን ቀን እንቅልፍ የሚጥለው ከሆነ፣ «ጠጥቶ ነው፣ ቅሞ ነው» ከማለታችን በፊት ሌሊት እንዴት እንደሚተኛ እንጠይቅ። በካናዳ የተዘጋጀና በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ ስምንት ጥያቄ ያለው መጠየቂያ በብዙ አገር ያገለግላል። ጥያቄዎቹም እነዚህ ናቸው፦ በኃይል ያንኮራፋል ወይ? ቀን ይደክመዋል ወይ? ትንፋሹ ሲቋረጥ የታየ አለ ወይ? የደም ግፊት አለበት ወይ? በጣም ወፍራም ነው ወይ? ዕድሜው ከ50 በላይ ነው ወይ? የአንገቱ ዙሪያ ከ40 ሳንቲ ሜትር ይበልጣል ወይ? ወንድ ነው ወይ? ሦስትና ከዚያ በላይ «አዎን» ያለ ሰው ሐኪም ሊያየው ይገባል። መልሶቹን በወረቀት ጽፎ ቢሄድ ሐኪሙ ጊዜ ይተርፈዋል።

ትክክለኛው ምርመራ፣ ሰው ተኝቶ ሳለ ትንፋሹን፣ የልብ ምቱንና የደሙን ኦክስጅን ሌሊቱን ሙሉ የሚመዘግበው፣ ፖሊሶምኖግራፊ ይባላል፤ በአካባቢያችን ጤና ጣቢያ የሚገኝ አይደለም። ሕክምናውም ሲፓፕ የተባለ መሣሪያ ነው፤ አየርን በመጠነኛ ግፊት በአፍንጫ እያስገባ ጉሮሮው እንዳይዘጋ ይደግፋል። ኮሊን ሱሊቫን የተባሉ ሐኪም በአውስትራሊያ ሲድኒ በ1981 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቁት ነው። መሣሪያው ባይገኝም የሚደረግ ነገር አለ፤ ክብደትን መቀነስ፣ በጎን መተኛት፣ ማታ መጠጥ አለመጠጣት፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የእንቅልፍ ክኒን አለመውሰድ። መጠጡም ክኒኑም ጉሮሮውን ይበልጥ ያላሉታልና።

ሲፓፕ የሚለውን ቃል ከሕፃናት ክፍልም ትሰሙት ይሆናል። በባንግላዴሽ ዳካ የሚሠሩ ሐኪሞች በሳንባ ምች ለታመሙ ሕፃናት፣ ቱቦውን ውኃ በተሞላ ተራ የሻምፑ ጠርሙስ ውስጥ በመንከር ያንኑ ግፊት ማግኘት እንደሚቻል አሳዩ፤ ጥናታቸው በ2015 እ.ኤ.አ. ታተመ። አሠራሩ ወደ አገራችን ጠቅላላ ሆስፒታሎችም መጥቶ ተፈትኗል። በአዋቂዎች ሕክምናም ቢሆን በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ በሳንባና በጽኑ ሕሙማን ሕክምና ልዩ ሐኪሞች ይሠለጥናሉ። ስለዚህ «ለትንፋሽ ሕመም ሐኪም የለውም» የሚለው የቀድሞ አነጋገር ዛሬ አይሠራም።

ወደ ቃላት ልመለስ። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስቡኝ በራሳችን አማርኛ ውስጥ ያሉ ሦስት ቃላት ናቸው።

አንደኛው ምች ነው። ሐኪሙ ለእናቲቱ «ልጅሽን የሳንባ ምች ይዞታል» ይላታል። እርሷ ግን ምችን የምታውቀው ፀሐይ ወይም ሽታ የሚያመጣው፣ በዳማ ከሴ የሚታሽ፣ ሐኪም የማይነካው ሕመም አድርጋ ነው። ስለዚህ የተሰጣትን መድኃኒት አስቀምጣ ዳማ ከሴ ልትፈልግ ትሄዳለች። የሳንባ ምች ግን በተሕዋስያን የሚመጣ የሳንባ ሕመም ነው፤ ሕፃናትንም ፈጥኖ ይገድላል። የሕፃኑን ትንፋሽ ረጋ ባለ ጊዜ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሩ። ከሁለት ወር በታች ለሆነ 60ና ከዚያ በላይ፣ ከሁለት ወር እስከ ዓመት ላልሞላው 50ና ከዚያ በላይ፣ ከዓመት እስከ አምስት ዓመት ላልሞላው 40ና ከዚያ በላይ ከሆነ ትንፋሹ ፈጥኗል፤ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። ሲተነፍስ የደረቱ የታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነ ደግሞ ለሰዓታትም አይቆይ።

ሁለተኛው ብርድ ነው። «ብርድ መታኝ» የሚለው ቃል ጉንፋኑንም፣ አስሙንም፣ የሳንባ ነቀርሳውንም ይሸፍናል። አንዳንድ ጊዜም አውቀን እንሸፍንበታለን፤ ሴት ልጃችን «አስም አለባት» እንዳትባል፣ ቤታችንም «ቲቢ የገባበት» እንዳይባል። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ግን ብርድ ተብሎ መታለፍ የለበትም፤ አክታ መመርመር አለበት። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት በአገራችን በነጻ ይሰጣል። ሳል በኦሮምኛ «ቁፋ»፣ በሶማሌኛ «ቁፋዕ» ነው። ስንት ቀን እንደቆየ በሦስቱም ቋንቋ መጠየቅ የሚችል አንድ ሰው በየአጥቢያው ቢኖር ትልቅ ሥራ ነው።

ሦስተኛው ፓፍ ነው። አስም ያለባቸው ሰዎች የሚስቡትን መድኃኒት ሕዝቡ በተለምዶ ፓፍ ይለዋል። ነገር ግን ፓፍ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የተጨማደደውን ቧንቧ በደቂቃዎች ውስጥ የሚያላላ ነው፤ ሳልቡታሞል ይባላል። ሌላው እብጠቱን ቀስ በቀስ የሚያጠፋ፣ ሕመም ባይኖርም ሐኪም እንዳዘዘው በየቀኑ የሚወሰድ ነው፤ ከእነዚህ አንዱ ቤክሎሜታዞን ነው። ሁለቱም «ፓፍ» ስለሚባሉ ሕመምተኛው ፈጥኖ እፎይታ የሚሰጠውን ብቻ ይዞ ሌላውን «አይሠራም» ብሎ ይተወዋል። ዓለም አቀፉ የአስም መመሪያ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፈጣኑን መድኃኒት ብቻውን እየወሰዱ መኖርን አይመክርም፤ ሥሩ ሳይታከም ይቀራልና። «ፓፍ ልማድ ይሆናል፤ ከጀመሩት አይለቅም» የሚባለውም ብዙዎችን ከመድኃኒት ያራቀ ወሬ ነው። መድኃኒቱ ሱስ አያስይዝም፤ በየቀኑ የሚፈለገው ሕመሙ ስለሚቆይ ነው።

ለሕፃናትና ለአረጋውያን ፓፉን ነፍቶ ወዲያው መሳብ ያስቸግራል። ለዚህም ስፔሰር የሚባል ባዶ ዕቃ አለ፤ መድኃኒቱ መጀመሪያ በዕቃው ውስጥ ይረጫል፣ ከዚያም ሕመምተኛው በዝግታ ይስበዋል። በደቡብ አፍሪካ ተሠርቶ በ1999 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ የግማሽ ሊትር የፕላስቲክ ውኃ ጠርሙስ ታችኛው ክፍል በፓፉ አፍ ልክ ተበስቶ ዙሪያው በደንብ ከታሸገ፣ ከፋብሪካው ስፔሰር የማያንስ አገልግሎት እንደሚሰጥ አሳይቷል። በየመንገዱ የምንጥለው ጠርሙስ ነው። በአካባቢያችሁ ያለውን የጤና ባለሙያ አሠራሩን እንዲያሳያችሁ ጠይቁ።

አባቶቼ፤ አሁን ወደ ቤታችን፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ልግባ። በድፍረት ሳይሆን በልጅነት እናገራለሁ።

ዕጣን የጸሎታችን ምሳሌ ነው፤ ይቅር የሚል የለም። ነገር ግን አስም ያለበት ምእመን በተዘጋ ቤት ውስጥ በጽናው አጠገብ ሲቆም ትንፋሹ ሊያጥር ይችላል። ከማዕጠንት በፊት መስኮትና በር ቢከፈት፣ አስም ያለባቸው ምእመናን በር አጠገብ ወይም ነፋስ በሚገባበት ስፍራ እንዲቆሙ ቢፈቀድ፣ ሲብስባቸውም ወጣ ብለው ቢመለሱ «ቅዳሴ አቋርጦ ወጣ» ተብለው ባይገሠጹ፣ ሥርዓታችን አይጎድልም። በቤትም እናቶቻችን የወተት ዕቃ ሲያጥኑ፣ ቡና ሲያፈሉና ሲያበስሉ ጭሱ የሚወጣበት መንገድ ይኑር፤ ሕፃናትም በዚያ ሰዓት ከምድጃው ይራቁ።

ስለ ጾምም አንድ ነገር ልበል። በጾም ቀን ወይም ከመቁረባቸው በፊት መድኃኒት መሳብ ይገባቸው እንደሆነ ለመጠየቅ አፍረው፣ ዝም ብለው ፓፋቸውን የሚያቋርጡ አሉ። ይህን የሚወስነው የንስሐ አባት ነው፤ እኔ ሥርዓት አልሠራም። ልመናዬ ግን ሕመምተኛው ሳይጠይቃችሁ እናንተ ቀድማችሁ እንድትጠይቁት ነው። የዝምታው ዋጋ ሕይወት ሊሆን ይችላልና።

ስለ ጸበልም እንዲሁ። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በአገራችን መሰጠት በጀመረ ጊዜ ብዙዎች ጸበልና መድኃኒት አብረው አይሄዱም ብለው መድኃኒታቸውን ጣሉ፤ ብዙ ሰውም ሞተ። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ምእመናን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ አስተማሩ። ያ ትምህርት ለአንድ በሽታ ብቻ የተሰጠ አድርገን አንየው። ወንጌላዊው ሉቃስ ሐኪም እንደነበር እናስተምራለን፤ ስለዚህ ወደ ጸበል የሚመጣ አስምተኛ መድኃኒቱን በኪሱ ይዞ ይምጣ፤ የሚያድርበትም ቤት ጭስ የሌለበት ይሁን።

እንቅልፍ ስላጡትም ልጨምር። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በተከታታይ አምስት ወቅት ዝናብ በቀረበት በዚያ ድርቅ፣ በቦረናና በአካባቢዋ ከብቶቻቸውን ያጡ ሰዎች አሉ። እንቅልፍ በኦሮምኛ «ሂሪባ» ነው፤ «ሂሪባ የለኝም» የሚል አባወራ ስታገኙ ከብቱ ስንት እንደነበረ ጠይቁት። በሳምንት ሦስት ሌሊትና ከዚያ በላይ፣ ለሦስት ወር የዘለቀ እንቅልፍ ማጣት ሐኪሞች ሥር የሰደደ ይሉታል። ሕክምናው በክኒን ብቻ አይደለም፤ ንግግርና የአኗኗር ሥርዓት ይቀድማል። በንግግሩ እናንተም ልትረዱት ትችላላችሁ።

በመጨረሻ የሰበካ ጉባኤያችሁ ሦስት ነገር እንዲያደርግ እለምናለሁ።

አንደኛ፣ በየአጥቢያው አንድ ደብተር ይከፈት። ሰዎች ስለ ትንፋሽና ስለ እንቅልፍ ሕመማቸው የሚናገሯቸው ቃላት በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሌኛ እንደተነገሩ ይጻፉበት፤ ትርጉማቸውንም ቋንቋውን አፉን የፈታበት ሰው ይመርምረው። የሕመምተኛ ስም ግን አይጻፍበት።

ሁለተኛ፣ ሕመምተኛን ወደ ጤና ተቋም ስትልኩ የራሱን ቃል ጽፋችሁ ላኩ። «አስም አለበት» ብላችሁ ሳይሆን «ሌሊት ሲተኛ ያፍነዋል፣ ሲቀመጥ ይሻለዋል» ብላችሁ ጻፉ። ስሙን ሐኪሙ ይስጠው።

ሦስተኛ፣ የማይጠበቅባቸውን ምልክቶች ሁሉም ይወቃቸው፦ አንድ ዐረፍተ ነገር ጨርሶ መናገር ሲያቅት፣ ከንፈርና ምላስ ሲጠቁር፣ ሕመምተኛው ሲፈዝ ወይም ግራ ሲጋባ፣ ሲር ሲር ሲል የቆየው ደረትም ትንፋሹ ሳይሻል ድንገት ጸጥ ሲል። ይህ የመጨረሻው ብዙዎችን ያታልላል፤ የተሻለው ይመስላል፤ ነገር ግን አየር መግባት ማቆሙን የሚያሳይ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ ሕመምተኛው ቀና ብሎ ይቀመጥ፣ የራሱ ፈጣን መድኃኒት ካለው ይሰጠው፤ መኪናም ወዲያው ይፈለግ። በጤና ተቋሙ በጣት ላይ የሚደረገው ትንሽ መሣሪያ በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይለካል፤ ከ90 በመቶ በታች ከሆነ ኦክስጅን ያስፈልገዋል።

ያቺ ልጅ ዛሬ አድጋለች። ከጥቂት ጊዜ በፊት በነጌሌ ገበያ ከእናቷ ጋር አገኘኋቸው። እናቲቱ እኔን ከማስታወሷ በፊት እኔ አወቅኋት፤ ኦሮምኛዬም ከዚያን ጊዜ ይልቅ ተሽሎ ስለነበር የልጅቱን ሐፉራ ጠየቅኋት። «ሐፉራስ ደኅና ናት፤ አንተ ግን አሁንም ቶሎ ቶሎ ትናገራለህ» ብላ ሳቀችብኝ። እውነቷን ነው። ለመናገር የምንቸኩለውን ያህል ለመስማት አንቸኩልም።

እግዚአብሔር አምላካችን የምንሰማበትን ጆሮ ይስጠን። የታመሙትን ይማርልን፤ በአገልግሎታችሁም ያጽናችሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።